ቀበቶ የጎነጎንንበት ቀን

የእስር ክፍሉ በር ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየኋቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። እንደ እኔው ቀበቷቸውንና የጫማ ክራቸውን ፖሊሶቹ በር ላይ ተቀብለዋቸዋል። ክፍሉ የእርጥብ ሲሚንቶና ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ሽታ ነበረው። ከላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የቦዳ ሞተር ሳይክሎች ጥሩምባ ይሰማል፤ ካምፓላ እኛን ትታ ሥራዋን ቀጥላለች።

ሁለታችንንም ያፈሱን ሜንጎ ሰፈር ካለ አንድ አዳራሽ ነው። አገር ቤት ስለታሰሩ ሰዎች ልንነጋገር የተሰበሰብን የአገር ልጆች ነበርን። ስብሰባውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ከተያዝነው መሃል ይህን በዓይኑ ያየ ቢኖር በር ላይ ተቀብዬ የፊት ወንበር ላይ ያስቀመጥኳቸው እኚሁ አባት ናቸው። አየር መንገድ የምትሠራ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከእንጅባራ መጥተው፣ የአማርኛ ጨዋታ ናፍቋቸው ነው የገቡት።

"ወሬ ልሰማ መጥቼ ራሴ ወሬ ሆንኩ" አሉኝ።

ሥራዬን ጠየቁኝ። ናሙዎንጎ ሰፈር ውስጥ ለወጣቶች የቆዳ ሥራ እንደማስተምር፣ ኮርቻና ልጓም ሠርተን ከከተማ ወጣ ብለው ላሉ ፈረስ ግልቢያ ቤቶች እንደምንሸጥ ነገርኳቸው። ፈረስ ስል ፊታቸው በራ።

"እርካቡስ ምን ዓይነት ነው?"

"ብረት ነው፤ እግር ሙሉ የሚገባበት።"

"ሙሉ እግር?" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፈረሱ ቢደነብር ሰውየውን እየጎተተ ይዞት ሊሄድ ነዋ። እኛ አገር አውራ ጣት ብቻ ነው እምናስገባ። አንተ ልጄ፣ ሰው መግደያ ነው የምታስተምር።"

ከተያዝኩ ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ረፋዱ ላይ አስተርጓሚው መጣ። የአገራችን ሰው ነው፤ ዓይኔን ሳያይ ነገሩን ነገራቸው። ከምሳ በኋላ ለምርመራ ይጠራሉ። ስብሰባውን የጠራውን ሰው ካሳዩ ማታውኑ ልጃቸው ቤት ይገባሉ። ካላሳዩ ወደ አገር ቤት ይሸኛሉ፤ ኡጋንዳንም ዳግመኛ አይረግጡም። እኔ ከታወቅሁ ደግሞ አሳልፈው ለአገር ቤት እንደሚሰጡኝ፣ እዚያም እስር እንደሚጠብቀኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሰውየው ሲወጣ፣ እንዳይናገሩብኝ ልለምናቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አባት ከልጁ እንዲለይ እንዴት ይለመናል? እሳቸው ግን የተጨነቁት በሌላ ነገር ነው።

"ሱሪዬን ይዤ ነው እፊታቸው እምቆም?"

የፍራሹ ልባስ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው፤ ጠርዙ ተቀዷል። ጫፉን በጥርሴ እየነከስኩ ረጃጅም ጠፍር አወጣሁና በሦስት መጎንጎን ጀመርኩ። ትንሽ አይተው እጄን መታ አደረጉኝ።

"ይኸ ለአህያ ነው። ለፈረስ በአራት ነው። አምጣው ወዲህ።"

ጫፉን በእግሬ ጣት አስይዘው አሳዩኝ፤ የግራ ዳሩ በኋላ ዞሮ በመሃል ይመለሳል፣ ከዚያ የቀኙ። ስሳሳት ይፈቱብኛል። በየመሃሉ የሞተ ዳማ ፈረሳቸውን ያነሳሉ፤ በእንዲህ ያለ ልጓም ነው አሉ ያረጀው። ወደድኳቸው። ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመልሱ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም።

ሲጠሯቸው ቀበቶውን አሰሩ፣ ሸሚዛቸውን ከተቱ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በቀስታ ወጡ።

ሲመለሱ አጠገቤ ተቀመጡና የቀዘቀዘውን ፖሾ ወደ መሃል ሳቡ።

"ምን አሏቸው፣ አባቴ?"

"ሽማግሌ ነኝ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ሰው አልለይም አልኳቸው።" ቆርሰው አጎረሱኝ። "በል ብላ።"

በማግስቱ ወደ አገር ቤት ሊሸኟቸው ወሰዷቸው። እኔን የሚያሳይ ሰው ስላጡ ከቀናት በኋላ ለቀቁኝ።

በቀጥታ የሄድኩት እሳቸው ምልክቱን ወደነገሩኝ ልጃቸው ቤት ነው። ከአባቷ የለየኋት እኔ ነኝና ቀና ብዬ ላያት ፈራሁ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ወደ ውስጥ አስገባችኝ።

"አባዬ ደውሎ ነበር" አለች። "ፈረስ የሚወድ ልጅ ይመጣል፣ ምሳ ሳይበላ እንዳትለቂው አለኝ።"

ተማሪዎቼ ዛሬ ልጓም በአራት ነው የሚጎነጉኑት። የት እንደተማርኩት ሲጠይቁኝ እስር ቤት እላለሁ፤ ቀልድ ይመስላቸዋል። እሁድ እሁድ አሁንም እዚያው ቤት እበላለሁ። የምታስቀምጠኝ ለአባቷ ብላ በገዛችው ወንበር ላይ ነው። እስካሁን ተደላድዬ አልተቀመጥኩበትም።