አመዴን ስጠብቅ

ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ የምሸጥበት ሱቄ በጠራራ ፀሐይ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። ዕቃው ግን አንድም አልተረፈ። እሳቱ የተነሳው ጥግ ላይ ካለው የመብራት ቆጣሪ ነው፤ ሽቦው ሲንጣጣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። የስፖንጅ ፍራሽ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አንዴ እሳት ከያዘው አለቀለት። እያለቀስኩም ቢሆን አንድ ነገር ልቤን ደግፎት ነበር፤ ኢንሹራንስ አለኝ። ባንኩ ብድር ሲሰጠኝ አስገድዶ ያስገባኝ ነው እንጂ እኔማ ምን ቆርጦኝ!

ናይሮቢ ደወልኩ። “ፖሌ ሳና፣ ማማ” አለኝ ስልኩን ያነሳው ልጅ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። “የጉዳት ገማቹ መጥቶ እስኪያይ ምንም እንዳትነኪ። አንዲት እንጨት እንኳ ከቦታዋ እንዳትነሳ።” እሺ፣ መቼ ይመጣል? “ኬሾ” አለኝ፤ ነገ።

ያቺ ነገ ሌላ ነገ እየወለደች ወራት አለፉ። ሱቄን በሲባጎ አጠርኩና የፕላስቲክ ወንበር አውጥቼ አመዴን መጠበቅ ጀመርኩ። ሌላ ቦታ እንዳልከራይ ገንዘቡ የለኝም። እዚያው እንዳልጀምር አትንኪ ተብያለሁ። ጥዬ እንዳልሄድ የተረፈችውን ቆርቆሮ ሌባ ይወስዳታል፣ ገማቹም ሲመጣ ሴትዮዋ የለችም ይላል። የቤቱ ባለቤት በመጣ ቁጥር “ወይ አጽጂው፣ ወይ ልቀቂልኝ” ይለኛል። ከኢትዮጵያ የሚመጡት የከባድ መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እመቤት፣ አመድ መሸጥ ጀመርሽ እንዴ?” ይሉኛል። “አዎ፣ ለአንተ ፊት የሚሆን አለኝ!” እላለሁ። ስቀው ወደ ደቡብ ይነዳሉ። እኔ እዚያው ነኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል ለእኔ የተተረተ ይመስለኝ ጀመር።

አጠገቤ የግመል ወተት የምትሸጥ ቦረና ጎረቤት አለችኝ። ልጆቼ ከልጆቿ ጋር ነው ያደጉት፤ እኔን “ኦቦሌቲ” ብላ ነው የምትጠራኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር አመዴ ወተቷ ውስጥ ይገባል። አንድም ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። እሷን ያንገበገባት ሌላ ነው። “ቤቱ የተቃጠለ ሰው አመዱ ፊቱ ተቆልሎ አያድርም” ትለኛለች፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛ እየደባለቀች። “ወገን የላትም ያስብልሻል። የሚሰደበው እኮ እኛ ነን!” እነሱ ዘንድ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል፤ ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። ማስረጃ አምጣ የለ፣ ገማች ጠብቅ የለ።

“ኢንሹራንሱ ነው የከለከለኝ” እላታለሁ።

“ሊረዳሽ የፈለገ ሰው እንዴት አመድ ላይ ተቀመጪ ይልሻል?”

እኔስ መች ገባኝ!

አንድ ሳምንት ከድንበሩ ማዶ የአክስቴን ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሱቄን እንድታይልኝ አደራ ያልኩት እሷኑ ነው። ስመለስ ከሩቅ ባይ ሲባጎው የለም። ቀረብኩ፤ አመዱም የለም። ወለሉ ታጥቧል፣ ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፣ የቀለጠው ቆጣሪ ከነሽቦው ተነቅሏል። ለካ ከኦዳና ከጎዶማ መንደር ዘመዶቿን ጠርታ፣ የገበያውን ሴት ሁሉ አስከትላ፣ መጥረጊያ ይዘው ወጥተውልኛል። በሩ ላይ ተሰልፈው እልል አሉ። “ወይኔ!” ብዬ ጮህኩ። በደስታ መስሏቸው እልልታውን ደገሙት።

“ቆሻሻውስ?” አልኩ እንደምንም።

“ገደል ከተትነዋ!” አለች ጎረቤቴ ደረቷን ነፍታ።

ገማቹ ያን ሁሉ ጊዜ ጠፍቶ በዚያው ሳምንት ከተፍ አይል መሰላችሁ! ወይ የእኔ ዕድል! ነጭ ግድግዳውን አየና፣ “የታለ የተቃጠለው?” አለኝ በስዋሂሊ። አፌን ከመክፈቴ ጎረቤቴ በኩባያ ወተት ይዛ ደረሰች። ብጠቅሳት፣ ክንዷን ብቆነጥጣት፣ ወይ ፍንክች! “እኛ ነን ያጸዳንላት” አለችው። “እሷማ ለቅሶ ሄዳ ነበር። በል ጠጣ።” እሱም ወተቱን ጠጣ፤ ያለችውንም ጻፈ።

እሷ ወደ ደንበኞቿ ስትመለስ ወረቀት አወጣልኝ። በውሉ መሠረት ማስረጃ ያጠፋ ሰው ካሳ አያገኝም አለኝ። “አንቺ ግን አልነበርሽም። ሴቶቹ ያለ ፈቃድሽ ገብተው እንዳጠፉት ፈርሚልኝ፣ ጉዳይሽ ይቀጥላል። እነሱን እኛ በሕግ እንጠይቃቸዋለን።”

ማንን? ወተት ሻጯን? ደሜ ፈላ። አመድ ስጠብቅ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ያንን ውል የሰፈራችን አስተማሪ ቃል በቃል አንብቦልኛል፤ መብቴንም ነግሮኛል። “እሳቱ የተነሳ ዕለት ደውያለሁ” አልኩት። “የዘገያችሁት እናንተ ናችሁ። አንከፍልም ካላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጠኝ። ለሚቆጣጠራችሁ መሥሪያ ቤት አቤት እላለሁ።”

“መጻፉን እጽፋለሁ። ማን አጠፋው ብዬ ልጻፍ?”

እዚህ ላይ ያዘኝ። እነሱ ናቸው ብል ካሳዬ ይቀጥላል። እኔ ነኝ ብል በገዛ አፌ በሩን ዘጋሁት። ከውጭ የጎረቤቴ ሳቅ ይሰማል፣ ከአንድ ሾፌር ጋር በወተት ዋጋ ትከራከራለች።

“እኔ ነኝ” አልኩ። “እኔ ነኝ ያስጸዳሁት።”

“ሴትዮዋ እኮ አሁን…”

“ሴትዮዋ ወተት ነው የምትሸጠው! እኔ ነኝ ብያለሁ፣ ጻፍ!”

ጻፈ። እምቢታውን በእጄ ሰጥቶኝ ሄደ። አቤቱታዬን አስገብቻለሁ፤ በደወልኩ ቁጥር “እየታየ ነው” ይሉኛል። ያቺን የፕላስቲክ ወንበር ወደ ውስጥ አስገብቼ ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ተስፋ ቆርጬ እንዳልዘጋው አቤቱታው አለ፤ እንዳልሠራበት የምሸጠው የለኝም።

ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት ወተቴን ይዛልኝ ትገባለች።

“ኦቦሌቲ፣ ከፈሉሽ?”

“ቀርቧል” እላታለሁ።

“ይከፍላሉ እንጂ!” ትለኛለች፣ የቀባችውን ግድግዳ በመዳፏ እየዳበሰች። “እንዲህ አሳምረን አጽድተንላቸው!”

ሆድ ይፍጀው ብዬ ወተቴን እጠጣለሁ።