ስምንት ዓመት የተጨመረባት ዘላይ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ «አትሌት ነበርኩ» ማለት ራሱ ጣጣ አለው። ወርቅውሃ ይህን የተረዳችው እንደመጣች ሰሞን ነው። ቸርች በር ላይ የተዋወቀችው ሰው ሁሉ ቁመቷን አንጋጦ እያየ አንድ ነገር ነበር የሚጠይቃት።

«ስንት ኪሎ ሜትር ነበር የምትሮጪው?»

«አልሮጥም። እዘላለሁ።»

«ምን?»

«ከፍታ ነዋ። አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት፣ ወደ ላይ።»

«ታዲያ እሱ የት ያደርሳል?» ይላል ጠያቂው፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

የት እንዳደረሳት ግን እሷ ታውቃለች። አርባ ምንጭ ውስጥ የስፖርት አስተማሪዋ በሁለት እንጨት መካከል ገመድ ወጥሮ «እስቲ ያችን ረጅሟን ጥሯት» ካለበት ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላማራትም። በአሥራ ስምንት ዓመቷ አዲስ አበባ ያለ ክለብ ወሰዳት። በሀገር አቀፉ ሻምፒዮና ሦስት ዓመት ተከታትላ በከፍታ ዝላይ አንደኛ ወጣች። አሰልጣኟ «ይሄ ቁመት በአንድ ነገር ብቻ አይባክንም» ብሎ ሰባቱንም ጫነባት፦ መሰናክሉን፣ ከፍታውን፣ አሎሎውን፣ ሁለት መቶውን፣ ርዝመቱን፣ ጦሩን፣ ስምንት መቶውን። ሰባቱም በሁለት ቀን ያልቃሉ፤ ነጥቡ ይደመራል። እሱንም አሸነፈች። ተመልካቹ ግን እሷ በምትዘልበት ሰዓት አንገቱን አዙሮ አሥር ሺውን ነበር የሚያየው።

ሄለን ግን ታያት ነበር። ሄለን በክለቡ ማደሪያ የክፍል ተጋሪዋ ነበረች፤ በዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ትበልጣታለች፤ በሰባቱ ውድድር ደግሞ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነበረች። «ምን አለበት» ትል ነበር ጫማዋን እየፈታች፣ «አንቺ የምታዪው ባዶ ሜዳ ነው፤ እኔ ቢያንስ የሰው ጀርባ አያለሁ።»

ሄለን ዲቪ ደረሳትና አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ገባች። በዓመቱ ደወለች።

«ላንቺም ልሞላልሽ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብያለሁ። መቼ ነው የተወለድሽው?»

«መጋቢት ሰባ አምስት።»

ሄለንም 1975 ብላ ጻፈች። ፎርሙ የሚጠይቀው በፈረንጅ ዘመን ነበር፤ የኛ ሰባ አምስት ደግሞ በነሱ ሰማንያ ሦስት ነው። ሁለቱም ልብ አላሉትም። ልብ ያሉት ዕጣው ከወጣ በኋላ ነው።

«አሁን ብንነካካው ዕጣው ይቃጠላል» አለች ሄለን። «ፓስፖርቱን እንደ ፎርሙ አውጪው። እዚህ ስትደርሺ እናስተካክለዋለን።»

እናም ወርቅውሃ በሃያ ሦስት ዓመቷ አውሮፕላን ተሳፍራ በሠላሳ አንድ ዓመቷ ወረደች።

በገባች በስድስተኛው ወር አንድ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሜዳ ላይ ስትዘል አያት። ሰውየው ከመደሰቱ የተነሳ እጇን ይዞ አለቀቃትም፤ ስኮላርሺፕ እንደሚያገኝላት ነገራት። መታወቂያዋን ያየ ዕለት ግን ድምፁ ቀዘቀዘ። በዚህ ዕድሜ አዲስ ተማሪ እንዲያሰልፍ ሕጉ አይፈቅድለትም። ወርቅውሃ አውቶቡስ ውስጥ ሆና ለሄለን ደወለች፤ ሄለን ከሷ ብሳ አለቀሰች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ።»

«ተይ እንጂ ሄሉ። አንቺ ባትሞይልኝ መች እመጣ ነበር?»

ከዚያ ወዲያ ይህን ነገር አላነሱትም። ማስተካከሉም ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት ሄዱ። ግሪን ካርዱ እስኪያልቅ ይቆይ ተባለ፤ ከዚያ ሲትዝንሺፑ እስኪያልፍ። አንድ ጊዜ ሄለን «የማውቀው ጠበቃ ላማክርልሽ» ብላ የወርቅውሃን የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከጠበቃው ምንም አልተሰማም። ወርቅውሃ አገባች፣ ዮሐናን ወለደች፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ሆነች፣ አስፐን ሂል ቤት ገዙ። ዝላይ የሚባል ነገር ተረሳ።

መልሳ ያመጣችው ሄለን ናት። ሐኪሟ «ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀሺ» ሲላት አሌክሳንድሪያ ውስጥ የትልልቅ ሰዎች የአትሌቲክስ ማኅበር አገኘች፤ በየአምስት ዓመቱ የዕድሜ ምድብ እየተከፈሉ የሚወዳደሩበት ነው። «ነይና አስተምሪኝ» አለቻት። ወርቅውሃ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ቤልትዌይ የሚሉትን አውራ ጎዳና ይዛ እየሄደች አስተማረቻት። ሄለን ትዘላለች፤ ወርቅውሃ የወደቀውን አግዳሚ ታነሳለች።

«ወገብሽን አንሺ፣ ሶፋ ላይ እኮ አይደለም የምትወድቂው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሃምሳ ዓመቴ ነው፤ ወገቤ የት እንዳለ ራሱ ረስቼዋለሁ።»

አምና ሄለን ከሃምሳ በላይ ባሉት ሴቶች ምድብ ሰባቱን ውድድር አሸነፈች። በሕይወቷ የመጀመሪያው አንደኝነት ነበር። ሜዳሊያውን ቤቷ ውስጥ በከፈተችው የሕፃናት መዋያ፣ በዴይኬሩ ወጥ ቤት፣ ከማቀዝቀዣው በላይ ሰቀለችው።

መጋቢት ሲገባ ወርቅውሃ አርባ ሁለት ሞላት፤ በወረቀቷ ሃምሳ። ስታስተምር ያዩዋት የማኅበሩ ሰዎች ለምን አትወዳደሪም እያሉ ያዙዋት። ዘንድሮ ሄለን ምድብ ውስጥ ነው የምትገባው።

«ግቢ» አለቻት ሄለን።

«ተይ፣ አይሆንም። ያንቺ ቦታ ነው።»

«ምን ቦታ አለኝ? ግቢ በቃ።»

«እውነተኛ ዕድሜዬ አይደለማ፣ ሄሉ።»

«ወረቀትሽ ነው የሚለው። ያስረጀሁሽ እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ሲጠቅምሽ ልይ። በሞቴ ግቢ።»

ወርቅውሃ መኪናዋን አስነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ማታ የአውቶቡሱን ሰዓት እያሰበች ተኛች፤ ጠዋት ግን የተነሳችው እግሮቿን እያሰበች ነበር። በራሷ ስም የተመዘገበ አንድ ከፍታ አሜሪካ ውስጥ አልነበራትም። አንድ ብቻ ነው የፈለገችው። ተመዘገበች።

ሰኔ ላይ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሜትር ከሃምሳ አንድ ዘለለች። ሳሩ ላይ ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌ ፈረንጆች ሁሉ ተነሥተው አጨበጨቡ፤ በዕድሜዋ ሜዳው ሙሉ ወደሷ ሲዞር ያየችው ገና ያን ቀን ነው። በማግስቱ ስምንት መቶውን ጨርሳ በሰባቱ ድምር አንደኛ ሆነች። ሄለን ሁለተኛ ወጣች። አቅፋ ሳመቻት። «የኔ ረጅም» አለቻት፤ ጉንጯ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ ኮል አደረገላት። ቢሮው ስትሄድ ሰውየው ኮፍያውን እጁ ላይ እያዞረ አንድ ደብዳቤ ሰጣት። ስም የለበትም፣ ፊርማ የለበትም። የሚኒስትሪ ካርዷ ፎቶ ተያይዟል። ፈረንጅ ያንን ካርድ ቢያየው 1975 የሚል ቁጥር ያነባል፤ ከመታወቂያዋ ጋር ልክ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ደብዳቤው ግን የኢትዮጵያ ዘመን ከነሱ በሰባት በስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቀር፣ ሴትየዋም ገና አርባ ሁለት ዓመቷ እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ያስረዳል። ይህን የሚጽፍ ፈረንጅ የለም።

ወርቅውሃ ጽሑፉን ትታ የፎቶውን ጠርዝ አየች። ከካርዱ ሥር ሎሚ የተሳለበት የፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ይታያል።

ዕድሜዋ አርባ ሁለት መሆኑን አልካደችም። ሜዳሊያውን በፖስታ መለሰች፤ ያ ከፍታም ከመዝገቡ ተሰረዘ። ሰብሳቢው ደግ ሰው ነው፤ «ወረቀትሽን አስተካክለሽ ከመጣሽ በሚቀጥለው ዓመት በእውነተኛ ምድብሽ እንቀበልሻለን» አላት። ቤት ስትገባ ዮሐና ደብዳቤውን አንብባ ቀና አለች።

«ማም፣ ሃው ኦልድ አር ዩ፣ ላይክ፣ አክቹዋሊ?»

«አርባ ሁለት» አለች ወርቅውሃ። ለልጇ እንኳ ነግራት አታውቅም ነበር።

ጠበቃ አነጋገረች። ይቻላል አላት፤ ፎርሙን የሞላችው ሰው ስህተቱ የራሷ እንደሆነ የምስክርነት ቃል ፈርማ ከሰጠች ጉዳዩን ያቀርባል። ወረቀቱን አዘጋጅቶ ሰጣት። ወርቅውሃም በሁለቱ የአውቶቡስ ዙሮቿ መካከል አሌክሳንድሪያ ሄደች። ልትጣላ አይደለም፤ ልታስፈርም ነው።

ልጆቹ የቀን እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ሄለን በሩን ከፍታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ወጥ ቤት ገቡና ሎሚ የተሳለበት ልብስ የለበሰው ጠረጴዛ ጋ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ንግግራቸው ሁሉ በሹክሹክታ ነበር።

«አንቺ ነሽ ግቢ ያልሽኝ» አለች ወርቅውሃ።

ሄለን አልካደችም። «ሁለቴ እምቢ ስትይኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስተኛውን ለወጉ ነው የጠየቅኩሽ። ሰው ሲለምኑት ሁሉ ይገባል እንዴ? ይሉኝታ ያለሽ መስሎኝ ነበር።»

«በሞቴ ብለሽኝ?»

«በሞቴ ያላልኩት ሰው ማን አለ? ለእንግዳ ምግብ ስጨምርም በሞቴ እላለሁ።» ሄለን ድምፏን ልትቆጣጠር ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «ዕድሜዬን ሙሉ ሁለተኛ ነበርኩ፣ ወርቅዬ። አንዴ ቀና ብዬ ነበር። በራሴ ስህተት ተመልሰሽ መጣሽብኝ።»

ወርቅውሃ ይህን ራሷም ታውቀዋለች። እውነት አለው። ግን አውቶቡስ ውስጥ ስታለቅስ የዋለችውን የሃያ ሦስት ዓመት ልጅም አስታወሰች፤ ያቺ ልጅ ሄለንን አንድ ቀን እንኳ አልከሰሰቻትም። ወረቀቱን አወጣችና ሎሚዎቹ ላይ ዘረጋችው።

«እሺ። የሆነው ሆኗል። ይቺን ፈርሚልኝ፤ በራሴ ዕድሜ ልዝለል። ካንቺ ምድብም እወጣልሻለሁ።»

ሄለን አነበበች። እያነበበች ፊቷ ተለወጠ። «ሞልቼ ተሳሳትኩ ብዬ ለመንግሥት ልፈርም? በሰው ስም ፎርም ሞላሁ ብዬ? የዴይኬር ፈቃድ አለኝ እኮ። ስሜን እዚህ ውስጥ አታስገቢብኝ።»

«ስም የሌለበትን ደብዳቤ ስትጽፊ ግን እጅሽ አልከበደም።»

«ቀስ በይ፣ ልጆቹ ይነቃሉ።»

ሄለን ወረቀቱን በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችላት። ከማቀዝቀዣው በላይ አሁን ሁለት ሜዳሊያ ተሰቅሏል፤ ሁለተኛውን ወርቅውሃ በደንብ ታውቀዋለች፣ ፖስታ ውስጥ የከተተችው ራሷ ናት። ከውስጥ ክፍል አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ ሄለን እንደ ዳነች ሁሉ ብድግ ብላ ሄደች። ወርቅውሃ ትንሽ ጠበቀቻት። ሄለን ሕፃኑን እያባበለች እዚያው ቀረች። የሁለተኛው ዙር ሰዓት ደርሶ ነበር፤ በሩን ሳታስጮህ ዘግታ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ከልማድ የተነሳ ነቃች። ቤልትዌዩን አልያዘችም። ቅርባቸው ያለው ትምህርት ቤት አሰልጣኝ በአውቶቡስ ሥራዋ ስለሚያውቃት የዝላይ ፍራሹን መሸፈኛ እንድትከፍት ፈቅዶላት ነበር። ሁለቱን ምሰሶ አንድ ሜትር ከሃምሳ አንድ ላይ አስተካከለች። አግዳሚውን አንዱ ምሰሶ ላይ አስቀምጣ ወደ ሌላው ስትዞር የመጀመሪያው ጫፍ ሸርተት ብሎ ወደቀ። ይህ ሥራ የሁለት ሰው ነው፤ ይህን እስከዚያ ቀን አላሰበችውም ነበር። መልሳ አነሳችው፣ ደግሞ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ። በአራተኛው እጇን ቀስ አድርጋ ለቀቀችውና ትንፋሿን ይዛ አየችው፤ ቆመ።

ከዚያ እርምጃዋን እየቆጠረች ወደ መነሻዋ ሄደች።