ሚስተር ቴትን ለመሰናበት ከሶልት ሌክ እስከ ኦሮራ

ሐሙስ

ከሶልት ሌክ ሲቲ የወጣሁት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የካቲት ነበር። የመኪናዬን መስታወት በረዶ ለመፋቅ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። የምሄደው ዴንቨር፣ ለሚስተር ኦርቪል ቴት መታሰቢያ ነው።

ሚስተር ቴት በዴንቨር አንድ ትልቅ ቴአትር ቤት ውስጥ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆነው የተጫወቱ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይ ነበሩ። እኔ ያወቅኳቸው ግን መድረኩን ከተዉ በኋላ ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ከናይሮቢ ዴንቨር አጠገብ ወዳለችው ኦሮራ ስገባ፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ባለ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ለስደተኞች በነፃ ትወና ያስተምሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ወደዚያ የገባሁት ተዋናይ ልሁን ብዬ ሳይሆን ቤዝመንቱ ስለሚሞቅ ነው። ያኔ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰር ነበር። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ በአስተርጓሚነት ሠርቼ ቤተሰብ የማስተዳድረው እሳቸው በፈቱልኝ አንደበት ነው።

ባለፈው ግንቦት እትዬ አልማዝ ደውለውልኝ ነበር። እትዬ አልማዝ የድሮ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሚስተር ቴት በነበሩበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም ይሠራሉ። “ታምራት፣ ሰውዬውን ስትሮክ መቷቸዋል። ቶሎ ብትመጣ ጥሩ ነው” አሉኝ። ለሐምሌ ቀጠርኩ። ሐምሌ ላይ ሥራ በዛ። ለመስከረም አልኩ። ጥር ሲያልቅ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ዋዮሚንግ ውስጥ፣ ሮሊንስ የምትባል ከተማ ላይ፣ ንፋሱ የጭነት መኪና ገልብጦ መንገዱ ተዘጋ። ምግብ ቤት ገብቼ የዶሮ ሾርባ በአሥራ አንድ ዶላር አዘዝኩ። አስተናጋጇ ሸበቶ ሴት ናት። በየደቂቃው ሰዓቴን ሳይ አይታ ኖሮ “የት ልትደርስ ነው?” አለችኝ።

“ዴንቨር። ሰው ሞቶብኝ ነው።”

“ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?”

“ከተቀበሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል።”

“ታዲያ ምን ያጣድፍሃል?” ብላ ዳቦውን አስቀመጠችልኝ። በክፋት አልነበረም። ሾርባውን ግን ትቼ ሂሳብ ከፈልኩ።

መንገዱ ሲከፈት በላራሚ ከተማ በኩል ወደ ደቡብ ታጠፍኩ። ከዴንቨር በስተሰሜን ባለችው ቶርንተን፣ እትዬ አልማዝ ቤት ስደርስ ፀሐይ ከተራሮቹ ጀርባ ገብታ ነበር። ምስር ወጥ ሠርተው ጠበቁኝ። መንገዱን ስለዘጋው ንፋስ ብቻ አወራን።

ዓርብ

ጠዋት አብረን ወደ ኦሮራ ሄድን። ኮልፋክስ ላይ ዝቅ ያሉት ሞቴሎች አሁንም አሉ። የሐበሻ ሱቆቹ በዝተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ተሽጦ መስኮቶቹ በጣውላ ተመትተዋል። ወደ ቤዝመንቱ በሚያወርደው ደረጃ ላይ ሰው የጣለው ፍራሽ በረዶ ለብሶ ተኝቷል።

ነርሲንግ ሆሙ ከዚያ አሥር ደቂቃ ይርቃል። ሚስተር ቴት የነበሩበትን ክፍል ከኮሪደሩ አየሁት። አልጋው ላይ የማላውቃቸው ሽማግሌ ተኝተው ቴሌቪዥን ያያሉ።

“ስትሮኩ ንግግራቸውን ወሰደባቸው” አሉ እትዬ አልማዝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “የቀረቻቸው አንድ ቃል ናት፤ ‘ኖ’ የምትል። ሻይ ላምጣ ስላቸው ‘ኖ’ ይሉና እጃቸውን ይዘረጋሉ። ብርድ ልብስ ልደርብ ስል ‘ኖ’፤ ካልደረብኩ ይቆጣሉ። አዲሶቹ ሠራተኞች ኮምፕሌን አደረጉባቸው። አስቸጋሪ ሽማግሌ ተባሉ።”

የፈራሁትን ጠየቅኩ። “ስለ እኔስ ነግረዋቸው ነበር?”

“ፎቶህን ከስልኬ አሳየኋቸው። ታምራት በሐምሌ ይመጣል አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩህና ‘ኖ’ አሉ።” እትዬ አልማዝ ቀና ብለው አላዩኝም። “እሺ ማለታቸው ይሁን፣ አይመጣም ማለታቸው፣ እግዜር ይወቀው ልጄ።”

ቅዳሜ

መታሰቢያው የተዘጋጀው በዚያው በተጫወቱበት ቴአትር ቤት ነው። ዴንቨር መሀል ከተማ በሃያ ዶላር ፓርክ አደረግኩና ገባሁ። ወደ ስልሳ ሰው ይሆናል። በሩ አጠገብ የሚስተር ቴት ልጅ ዴኒስ ቆማለች፤ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ከቤዝመንቱ ጊዜ ጀምሮ ታውቀኛለች። ከፊት ለፊቷ የሰው ቁመት የሚያህል የአባቷ ፎቶ በእንጨት ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል። በፎቶው ላይ ወጣቱ ሚስተር ቴት ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ ትሪ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ታሪኩን ከራሳቸው ሰምቼዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ቴአትር ቤት በመድረክ ላይ አሽከር እያደረገ ትሪ አሸከማቸው። በአራተኛው “ከእንግዲህ ትሪ አልይዝም” አሉ። ዘጠኝ ዓመት የጠራቸው የለም፤ የከተማ አውቶብስ ነዱ። አዲስ አዘጋጅ መጥቶ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሲሰጣቸው፣ በመጀመሪያው ምሽት መጋረጃው እንደተከፈተ ተነስተው የወጡ ተመልካቾች ነበሩ። እሳቸው ግን አንድ ቃል ሳይዘሉ እስከ መጨረሻው ተጫወቱ።

“አባቴ ይህን ፎቶ ቤታችን አስገብቶት አያውቅም” አለችኝ ዴኒስ።

የቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ወጣት ሰው ነው። ተጠግቶ “ይቅርታ፣ በማኅደራችን ውስጥ ፊታቸው በደንብ የሚታየው በዚህ ብቻ ነው” አላት።

ዴኒስ ወደ እኔ ዞራ “ታምራት፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ” አለችኝ። ያዝኩላት። ሰው ሁሉ እያየ ፎቶውን አወረድነውና ኮሪደሩ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረን አስቀመጥነው። ከበድ ያለ ነበር። ማቆሚያው ባዶውን ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ተናገረ። “ይህ ቤት ሁልጊዜም የሚስተር ቴት ቤት ነበር” አለ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው የሚባለው ትዝ አለኝ። ዴኒስ እንድናገር ቀድማ ጠይቃኝ ስለነበር ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ። የጻፍኩትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ስለ ትሪው፣ ስለ አውቶብሱ፣ ተነስተው ስለወጡት ተመልካቾች፣ ስለ ቤዝመንቱ ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ያያል። በመጨረሻም “በግንቦት ተጠርቼ በየካቲት መጣሁ” አልኩና ወረድኩ። ማንም አላጨበጨበም።

ከሰዓት በኋላ ከዴኒስ ጋር መቃብሩ ጋ ሄድን። ድንጋይ ገና አልቆመለትም፤ ስማቸው ያለበት ትንሽ ፕላስቲክ ብቻ ተተክሏል። አፈሩ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ፤ አቋረጠችኝ።

“ጠብቆህ ነበር” አለች። “ሐምሌን ሙሉ ወንበሩን ወደ በሩ አስዙሮ ነበር የሚቀመጠው። እንዳልዋሽህ ብዬ ነው። እሱም አይዋሽህም ነበር።”

ከዚያ ክንዴን ያዘች፤ እስከ መኪናው ድረስም አልለቀቀችኝም።

እሑድ

ጠዋት ከቶርንተን ተነሳሁ። እትዬ አልማዝ ድፎ ዳቦ ጠቅልለው አስያዙኝ። በዋዮሚንግ ሜዳ ላይ ሬዲዮም ሳልከፍት ነዳሁ። አንድ ነገር በደንብ ገብቶኛል። ስልሳ ሰው ፊት የተናገርኩት ሁሉ ለሚስተር ቴት ምንም አልጠቀማቸውም። የጠቀመው ምናልባት ዴኒስን ነው፤ ምናልባትም እኔን። ለእሳቸው የሚሆነው በሐምሌ በዚያ በር መግባት ነበር፤ ምንም ሳልናገር እንኳ። አንደበት የሰጡኝ ሰው አንደበታቸው ሲዘጋ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ “ኖ” ሲሉ “እሺ” ማለታቸው መሆኑን የሚያስረዳላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። የእኔ ሥራ ደግሞ ማስተርጎም ነው።

ቤት ስገባ ገና አልመሸም። ባለቤቴ ሂሩት ኮቴን ተቀበለችኝ። እራት እየበላን ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ “‘ይህን ሥራ ያገኘሁት በእርስዎ ነው’ ብለሃቸው ታውቃለህ?” አለችኝ።

“ሁልጊዜ ልነግራቸው አስብ ነበር” አልኳት።

“ነገርካቸው ወይ?”

“አልነገርኳቸውም።”

ሂሩት ሳህኖቹን አነሳች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ።