ደዋይ የሌለው ስልክ

ሹፌሩ ሊፈታው የተነሣው ችግር ይህ ነበር፦ «አንፈልግህም» ብሎ የማይናገር መሥሪያ ቤት፣ እንዳልፈለገው ሰው በምን ያውቃል?

ነገሩ ጊዜ አይሰጥም። የእህቱ ባል ሩቅ ከተማ የሚሠራ የጭነት መኪና አለው፤ እስከ ቅዳሜ ቁርጡን ካልነገረው ለሌላ እንደሚሰጠው አስጠንቅቆታል። ሹፌሩ ደግሞ እዚሁ ከተማው ባለ አንድ ፋብሪካ የሠራተኞች አውቶቡስ የመንዳት ሥራ ቢያገኝ ከሚስቱና ከልጆቹ ሳይለይ ይሠራል። የመንዳት ፈተናውን አለፈ፤ ቃለ መጠይቁንም ጨረሰ። ሲወጣ የቅጥር ኃላፊው ወንበሩ ላይ እንደተንጋለለ «ይደወልልሃል» አለው።

እስቲ ይህን ቃል ቀረብ ብለን እንየው፤ ድንቅ ዕቃ ነው። «እደውልልሃለሁ» ያለ ሰው ባይደውል ዋሾ ይባላል። «እንደውልልሃለን» ካሉም ቢያንስ የሚታሙ ሰዎች አሉ። «ይደወልልሃል» ግን ደዋይ የለውም። ስልኩ ራሱን አንሥቶ ራሱ ሊደውል ነው! ወንበር የሚያሞቅ ፈሪ ሁሉ የሚሸሸግበት ከዚህ የተሻለ ጎሬ በቋንቋችን አይገኝም።

ሹፌሩ ግን አመነ። ስልኩን መታጠቢያ ቤት ድረስ ይዞ ይገባ ጀመር። ሚስቱ ሁለተኛ ሚስት እንዳገባባት፣ ያቺኛዋም ድዳ እንደሆነች ነገረችው። ቅዳሜ አማቹ ሲደውል፣ ፋብሪካው መስመሩን ተይዞ እንዳያገኘው ብሎ ዘጋበት። መኪናው ለሌላ ተሰጠ።

ሰኞ ፋብሪካው በር ሲደርስ አውቶቡሱን ሌላ ሰው እየነዳው ወጣ። ዘበኛው፣ አዲሱ ሹፌር ሥራ ከጀመረ እንደሰነበተ ነገረው። ኃላፊውን ኮሪደር ላይ አገኘው።

«ጌታዬ፣ አልተደወለልኝም።»

«ይደወልልሃል ተብለሃል አይደል?»

«ማን ነው የሚደውለው?»

«ቢሮው ነዋ።»

«ቢሮው አፍ ካለው አሁኑኑ ይንገረኝ።»

ኃላፊው ሰዓቱን አየና ስብሰባ አለብኝ ብሎ ሄደ። ዲግሪውን መስታወት ውስጥ አስገብቶ የሰቀለ ሰው፣ «አይ» የምትባለዋን ሁለት ፊደል ለማውጣት አቅም አነሰው።

ሹፌሩ አሁን ሌላ ዘዴ እየሞከረ ነው። ዛሬ በአንድ የውሃ ማሸጊያ ድርጅት ሦስት ጠያቂዎች ፊት ቀርቧል። መካከል የተቀመጠችው ሴትዮ በአንቱታ «ይደወልልዎታል» ስትለው አልተነሣም።

«እሺ እመቤቴ፣ የደዋዩን ስም ብቻ ይንገሩኝ።»

እሷ በቀኝዋ ያለውን አየች፤ እሱ በግራ ያለውን፤ ያኛው ጣሪያውን። ሹፌሩ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አድርጎ ስም እየጠበቀ ነው።