የአጎቴ ቸርኬ

ሰው ስለ ወጣትነቱ ሲያወራ ደግ ይሆናል። የተራበው ረሃብ ይጣፍጠዋል፣ ጓደኞቹ ሁሉ መላእክት ይሆኑለታል፣ ራሱም ከመልአክ ብዙ አያንስም። እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ አልወድም። ሐረር ብስክሌት የነዳሁባቸውን ዓመታት ሳስብ ቀድሞ ፊቴ የሚመጣው የዳገቱ ነፋስ አይደለም። አንድ ቸርኬ ነው፤ አልጋዬ ስር፣ በአሮጌ አንሶላ የጠቀለልኩት የኋላ ቸርኬ።

አራት ነበርን። ሁለቱ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ከቢሮ ሲወጡ ቦርጫቸውን ለማጥፋት የሚነዱ፣ የዳገቱ ግማሽ ላይ ወርደው ሲጋራ የሚለኩሱ። ነገሩን የምር ያደረግነው እኔና አንድ ጓደኛዬ ነበርን። እሱ ከግንቡ ውስጥ፣ ከፈላና በር አካባቢ፣ የሐረሪ ልጅ ነው። እኔ ከግንቡ ውጭ ነኝ፤ ቅድመ አያቶቼ ከሸዋ ዘምተው መጥተው እዚያው የቀሩ። «አያቶቻችን በጦር ተፈላልገዋል፣ እኛ በብስክሌት እንፈላለግ» እያልን እንቀልድ ነበር። በኋላ ቀልዱ እውነት ሆነ።

ብስክሌቶቻችን ለገበያ መላላኪያ የተሠሩ ነበሩ። ፓራፋንጎውን፣ የዕቃ መጫኛውን፣ ደወሉን ሳይቀር ነቅለን ጣልን። የእኔን ውልቅላቂ እናቴ ሳታማክረኝ ለቆራሌው ሰጥታ በምትኩ አንድ የሽሮ ጣሳ ተቀበለች፤ እስከ ዛሬም ንግዱ ተዋጥቶልኛል ትላለች። ደህና ዕቃ የነበረኝ አንድ ነው። አጎቴ አስመራ ሳለ ይወዳደር ነበርና ሲመለስ ከዚያ ሕይወቱ ያተረፈውን ቀላል የአሉሚኒየም ቸርኬ ሰጠኝ፤ ላዩ ላይ ቱቦላሬ ያለው። ቱቦላሬ የምንለው ቀጭኑን የውድድር ጎማ ነው። የውስጡ ላስቲክ በጨርቅ ይሸፈንና ጨርቁ ዙሪያውን በክር ይሰፋል፤ ከዚያ ቸርኬው ላይ በማስቲሽ ይለጠፋል። ጓደኛዬም ቱቦላሬ ነበረው፤ ድሬዳዋ ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ያገኘው። ግን ያረጀ፣ ቸርኬውም ከባድ ብረት።

ሕግ ነበረን። ማንኛውም ውድድር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ ከከተማው በላይ ያለውን የሐኪም ጋራ ተራራ እንወጣለን። አናቱ ላይ ቀድሞ የደረሰ ከአራታችን ዕቃ የፈለገውን መርጦ ለውድድሩ ይወስዳል፤ የማን ነው ብሎ ነገር የለም። ያኔ መለዋወጫ የሚባል ነገር ከገበያ ጠፍቶ ነበርና አራታችን አንድ ደህና ብስክሌት የሚወጣን እንዲህ ስናዋጣ ብቻ ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የማሸንፍ መስሎኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የአጎቴን ቸርኬ የወሰደው እሱ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉም አጥቦ፣ ራጂዎቹን፣ የቸርኬውን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ አንድ በአንድ ወልውሎ መለሰልኝ።

በሦስተኛው ዓመት ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚቀጥለውን ዙር ስም መመዝገብ ጀመረ። የሁለታችንም ዕድሜ ልክ እዚያው ውስጥ ነው። ሠራተኞቹን ጓደኞቻችንን መሥሪያ ቤታቸው አስቀራቸው፤ እኛን የሚያስቀረን አልነበረም። የክፍለ ሀገሩ የብስክሌት ቡድን ውስጥ ለገባ ሰው ግን ለአዲስ አበባው ሻምፒዮና ይፈለጋል የሚል ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ማኅተሙን አይቶ ስሙን ወደ ጎን ያደርገዋል። ቡድኑ የሚወስደው ሦስት ሰው ነው። ምርጫው ከድሬዳዋ ተነስቶ፣ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር የሚገባ ውድድር ነው። ሁለቱን ቦታ የድሬዳዋ ልጆች እንደሚወስዱ ከወዲሁ የታወቀ ነበር። የቀረችው አንዲት ወንበር ነች። ሌላው የሚሮጠው ለዋንጫ ነው፣ እኔና እሱ ለወረቀት።

ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላወራንም። ልምምዱን ግን አጠበቅነው። ገና ሳይነጋጋ እንነሳና ወደ አወዳይ፣ ከዚያም እስከ ዓለማያ ሐይቅ ነድተን እንመለሳለን። ኬላው ላይ ያሉት ጠባቂዎች ምንም ሳይጭን፣ ምንም ሳይሸጥ፣ ሰው ያን ያህል መንገድ ሄዶ ባዶውን የሚመለስበት ምክንያት አልገባቸው አለ። አንዱ አንድ ጠዋት ኮርቻዬን አስፈታኝ። ወሩ ረመዳን ነበር፤ ጓደኛዬ ጠብታ ውሃ ሳይቀምስ ዳገት ይወጣል። እኔ በፊቱ አልጠጣም ነበር፤ ቋጥኝ ዞሬ ነው የምጠጣው። ያን ያህል ጨዋ ነበርኩ።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የእሱን ቱቦላሬ እሾህ ወጋው። የተወጋ ቱቦላሬ ስፌቱ ይፈታል፣ ላስቲኩ ይለጠፋል፣ መልሶ ይሰፋል። ይህን የሚሠራልን መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያለ ልብስ ሰፊ ነው፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው። ሰውየው ሁልጊዜ በሰም በታሸ ክር፣ በእጁ፣ ሰፋ ሰፋ አድርጎ ነበር የሚሰፋው። ያን ጊዜ ግን ኢድ ደርሶ የልጆች ልብስ እስከ ጉልበቱ ተከምሮበታል። መኪናው ስር ከተተና እንደ ሱሪ ጠርዝ በደቃቁ ደርቦ ሰፋው። እያየሁት ነበር። ያማረ ስፌት ነበር።

«በመኪና ይሆናል እንዴ?» አልኩት።

«ሱሪ ይቀደዳል እንጂ የኔ ስፌት ወላሂ አይፈታም» አለ።

ጓደኛዬ ሳቀ። «ግድ የለም አቦ፣ ለልምምድ ነው። ለውድድሩማ ያንተዋ አለች።»

ያቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ያንተዋ አለች። ገና ጋራው ሳይወጣ ቸርኬው የእሱ ነበር፤ እውነቱንም ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ቤት ገብቼ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩና የአጎቴን ቸርኬ አሰብኩ፤ ሊቀመንበሩን አሰብኩ፤ ጎረቤታችን ያሉትን፣ ሁለት ልጅ ልከው አንድም ያልተመለሰላቸውን ሴትዮ አሰብኩ። ከዚያ ተነስቼ ቸርኬውን ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር አወረድኩት።

ቅዳሜ ጋራውን ወጣን። አናቱ ላይ ስደርስ እሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ከንፈሩ በጾም ደርቆ ነጭ ሆኗል። ከተማው ከነግንቡ ከእግራችን ስር ነው።

«ማክሰኞ መጥቼ እወስዳታለሁ ኢንሻአላህ» አለኝ።

«የለችም» አልኩት። «ራጂዋ ተሰብሮ ለጥገና ድሬዳዋ ልኬያታለሁ።»

«መቼ ትመለሳለች?»

«እንጃ። ለውድድሩ የምትደርስ አይመስለኝም።»

«ኸይር ነው» አለና ላቡን ጠረገ። ቁልቁለቱን አብረን ወረድን። ያን ቀን ሰማይ እንዲደረመስብኝ ጠብቄ ነበር፤ ምንም አልሆነም፤ እራቴንም በላሁ። ሰው ሲዋሽ ጉሮሮው የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ ስንቱ በረሃብ ባለቀ።

ውድድሩ ከኢድ በኋላ ባለው እሁድ ነበር። ብስክሌቶቹን በጭነት መኪና ጭነው በጠዋት ድሬዳዋ አወረዱን። እኔ ቸርኬውን በአንሶላው እንደተጠቀለለ ይዤ ነበር፤ መነሻው ላይ ፈትቼ ስገጥመው እሱ አጠገቤ ቆሟል። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

«ተጠግና መጣች?» አለኝ።

«አዎ፣ ትናንት ደረሰች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ከኪሱ ተምር አውጥቶ ግማሹን ሰጠኝ። በላሁት።

የደንገጎን ዳገት የማያውቅ ሰው ቢነግሩትም አይገባውም። ጥምዝ ላይ ጥምዝ ነው፤ አለቀ ስትል ከበላይህ ሌላ መንገድ ታያለህ። እሱ በዚያ ከባድ ብረት ከድሬዳዋ ልጆች ጋር ሄደ። ከሁለቱ ኋላ ተጣብቆ ጀርባው እየራቀኝ ሲሄድ አየሁት፤ ሦስተኛ እሱ፣ አራተኛ እኔ። ያ ሁሉ ኃጢአት ለከንቱ ነበር ማለት ነው ብዬ ተናደድኩ። በእሱ ተናደድኩ፤ በሌላ በማንም አይደለም።

አናቱን አልፈን መንገዱ ወደ አዴሌ ቁልቁል ሲል ከሩቅ ዳር ላይ አየሁት። ብስክሌቱን ገልብጦ ቆሟል። ቱቦላሬው ተተርትሮ የውስጡ ላስቲክ ወጥቷል። ልብስ ሰፊው እውነቱን ነው፣ ስፌቱ አልተፈታም። ያ ሁሉ ደቃቅ ቀዳዳ ጨርቁን እንደ ቴምብር ጠርዝ አድርጎት ኖሮ በስፌቱ ዳር ዳር ተቀደደ። ይህን የተረዳሁት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ያየሁት እጁን ሲያወዛውዝ ብቻ ነው። ቁም የሚለኝ መሰለኝ።

«ሂድ!» ብሎ ጮኸ። «ሂድ አቦ! ሦስተኛ ነህ!»

ሄድኩ። በዓለማያ፣ በአወዳይ አልፌ ሐረር ሦስተኛ ገባሁ፤ ሰው አቀፈኝ፣ አንዱ ውሃ ደፋብኝ። እሱ ድሬዳዋ ጫት አራግፎ በሚመለስ መኪና ላይ፣ ብስክሌቱን ታቅፎ መጣ። ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር እኔን መሳም ነው።

ደብዳቤዬ በሳምንቱ ተጻፈ። እሱን በወሩ ወሰዱት። እናቶች ቀበሌው በር ላይ ሲያለቅሱ ነበር አሉ፤ እኔ አልሄድኩም። ልምምድ አለብኝ አልኩ። የምን ልምምድ? የአዲስ አበባው ሻምፒዮና ብዙም ሳይቆይ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል ተባለ። ውድድር የለም፣ ቡድን የለም። ደብዳቤው ግን በሊቀመንበሩ መሳቢያ ውስጥ ቀረ፤ እኔም ከደብዳቤው ጋር ቀረሁ።

ከሄደ በኋላ እናቱ አስጠሩኝ። ግቢያቸው ስገባ የብስክሌቱ አጽም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ።

«ይህን ለጓደኛዬ ስጪልኝ ብሎኛል፣ ልጄ። የአዲስ አበባው መንገድ ሩቅ ነው፣ ትርፍ ያስፈልገዋል አለ» አሉኝ።

ስፈታው ቱቦላሬው ነው። የተተረተረው ቦታ በሌላ ጠንካራ ጨርቅ ተደርቧል፤ ስፌቱ ሁሉ ተፈትቶ በሰም ክር፣ በእጅ፣ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ተሰፍቷል። ልብስ ሰፊው ሁለት ቀን ሌላ ሥራ አልነካም ብለው ነገሩኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። አልሠራሁበትም፤ እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ ነው።

ከሰሜን አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ሁለተኛ አልመጣም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን እናቱ ፈላና በር ላይ ተቀምጠው፣ ያደፈ የወታደር ካፖርት ለብሶ ያለፈውን ሁሉ «ልጄን አላየኸውም ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። እኔ በሌላ በር መግባት ጀመርኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የኛ ተገላቢጦሽ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ለእናቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ስለ ቸርኬው፣ ስለ ራጂው ውሸት፣ ሁሉንም ነገርኳት። እንደማይመለስ ገብቶኝ ስለነበር አንድ መጽናኛ ብቻ ይዤ ቀርቼ ነበር፤ እሱንም ነገርኳት።

«ቢያንስ ሳያውቅ ሄደ» አልኳት። «አምኖኝ ነው የሄደው።»

እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«እንዴት ሳያውቅ?» አለች። «የኢድ ዕለት ሐልዋ ይዞልን መጥቶ አልነበር? አንተ የለህም። የጎማዬ ነፋስ ጎድሎብኝ ነው፣ ፖምፓ አበድሩኝ አለኝ። እጄ ሊጥ ነበር፤ ግባና ከአልጋው ስር ውሰድ አልኩት። ቆይቶ ወጣ። እዚያው ግቢ ውስጥ ነፍቶ፣ ፖምፓውን ቦታው መልሶ፣ ጉንጬን ስሞኝ ሄደ።»

ፖምፓውን የማስቀምጠው ከቸርኬው አጠገብ ነበር። አልጋዬ ስር ከሁለቱ በቀር ምንም አልነበረም። እንግዲህ እሁድ ጠዋት ድሬዳዋ ላይ «ተጠግና መጣች?» ብሎ ሲጠይቀኝ አይቷታል፤ ያውቃል። እውነቱን እንድነግረው ነበር የጠየቀኝ። ብነግረው ቸርኬዋን ይወስድብኝ እንደነበር ወይም ይተውልኝ እንደነበር አላውቅም። እኔ «አዎ፣ ትናንት ደረሰች» አልኩት፤ እሱም ከኪሱ ተምር አውጥቶ ግማሹን ሰጠኝ።