ነጩ ቤንዚን ወይስ ጢሳሙ ናፍጣ? ከዳባት እስከ ገብሱ ክምር

ረቡዕ ንጋት፣ ዳባት

ዳባት ገና አልነቃችም። የኅዳር ብርድ አፍንጫ ይቆነጥጣል። የባጃጅ ሾፌሮች ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው መሪያቸው ላይ ተደፍተዋል። እኔ ትናንት ማታ ከጎንደር የገባሁት፣ የልጅነት ጓደኛዬ ሰይድ “መኪና ልገዛ ነው፤ ና አብረን እንሞክር” ስላለኝ ነው።

ሰይድ ደባርቅ ውስጥ እህል ነጋዴ ነው። መኪናውን የፈለገው ለመንሸራሸር አይደለም። የገብስና የስንዴ መውቂያ ማሽን አለው፤ ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ነው። እሱን ከመንደር መንደር የሚጎትትለት ፒካፕ ያስፈልገዋል። ሁለት ተገኝተዋል፦ እዚህ ዳባት ያለው ነጭ የቤንዚን ፒካፕና ደባርቅ ያለው አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ። ባለቤቶቹ “ማሽንህን አስረህ ሞክራቸው” ብለዋል። ዛሬ ነጩን፣ ነገ አሮጌውን ልንሞክር ነው።

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። አምና ሰይድ በመካነ ብርሃን መንገድ ላይ ላለች አንዲት መንደር ማሽኑን አደርሳለሁ ብሎ ነበር። የተከራያት መኪና ዳገቱ ላይ ቀረች፤ ገብሱም ሳይወቃ እንደተከመረ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ መታው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያ ቃል ዓመቱን ሙሉ ሲያሳድደው ከረመ። ዘንድሮም ለነዚያው ሰዎች ቃል ሰጥቷል። ቀኑ ነገ ነው።

ማሽኑ እዚሁ ዳባት ብየዳ ቤት ሰንብቶ ገና መውጣቱ ነው። እሳት እንዳይነሣ ተብሎ የነዳጅ ታንኩ ሙልጭ ብሎ ተራግፏል። ከነጩ ፒካፕ ኋላ አሰርነውና ተነሣን።

“ሰማኸው?” አለኝ ሰይድ ቁልፉን ገና እንዳዞረ።

“ምኑን?”

“እሱን እኮ ነው የምልህ! ምንም አይሰማም!”

መሪውን የሚይዘው የሙሽራ እጅ እንደሚይዝ ሰው ነው። መንገዳችን ላይ ያለችው ወቅን ከተማ ቆመን ሻይ በዳቦ ስንጠጣ እንኳ ዓይኑ ከመኪናው አልተነቀለም። አስፋልቱ ላይ እውነትም ይሄዳል። ዳገት ሲመጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ማርሽ ይቀነስለታል፣ ግን ይወጣል። ከመንገድ ዳር ደግሞ አንድ ጀሪካን ቤንዚን አስቀዳ። “መጠባበቂያ ነው” አለኝ። ገና ያልገዛውን መኪና መቀለብ ጀመረ!

ረቡዕ ረፋድ፣ ደባርቅ

የሰይድ ሚስት ዘይነብ የቤታቸው በር ላይ ጠበቀችን። ነጩን መኪና ዙሪያውን አየችው።

“አማረሽ?” አላት።

“ያምራል። ሠርግ አለብህ እንዴ?”

“አትቀልጂ፣ ዘይነብ።”

“እኔ ነጭ ጥቁር አላውቅም። ክምሩ ጋ የሚደርሰውን ግዛ” አለችና ወደ ሱቋ ገባች።

ሐሙስ ጧት፣ ከደባርቅ ወደ ላይ

አሮጌው ናፍጣ ድሮ ሰማያዊ የነበረ ይመስላል። ብርድ አይወድም። ሞተሩን የሚያሞቀው ካንዴላ እስኪግል ጠበቅነው፣ አጉረመረመና ተወ። ደግመን ጠበቅነው። በመጨረሻ ሲነሣ ጭሱ ሰፈሩን ሸፈነው፤ የጎረቤት ዶሮዎች ወደ ቤት ገቡ። ሰይድ አፍሮ ዙሪያውን ያያል። ማሽኑን አሰረ፣ የትናንቱን ጀሪካን ከኋላ ጫነና ወጣን።

ፈተናው እኩል እንዲሆን እንደ ትናንቱ ማሽኑን ብቻ ልንጎትት ተስማምተናል። ስምምነቱ የቆየው እስከ ከተማው መውጫ ነው። ትናንት ገበያ ውለው ያደሩ ሰዎች ሸክማቸውን ይዘው መንገዱን ሞልተውታል። ከፊታቸው አንድ ቄስ ጥላቸውን ምርኩዝ አድርገው ይሄዳሉ።

“ልጄ፣ ወደ ላይ ነህ?”

“አዎ መምሬ። ይውጡ እንጂ።”

በዚህ አገር የመኪና ኋላ ባዶ ሆኖ ሽማግሌ በእግሩ ሲሄድ አልፎ መሄድ ነውር ነው። መምሬ ከወጡ ደግሞ ሌላውን በምን አፍ ይከለክሉታል? ጨው ወጣ፣ ሳሙና ወጣ፣ ማረሻ ወጣ፣ አንድ እስር ቆርቆሮ ወጣ፣ ባለቤቶቹም ተከተሉ።

“ፈተናው እኮ ያለ ጭነት ነበር” አልኩት።

“ታዲያ መምሬን ላውርዳቸው?”

አስፋልቱ አለቀና ጠጠሩ ጀመረ። የአስታው ዛፍ ጤዛውን ያንጠባጥባል። ጭላዳዎች መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። በግራ በኩል ገደል ነው። እኔ ወደ ቀኝ አያለሁ።

አንድ ጥምዝ ዳገት ላይ ስንደርስ ሰይድ ወሬውን አቆመ። አምና መኪናዋ የቀረችው እዚህ ነው። አንደኛ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ ከሆዱ እያጉረመረመ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይጮኽ፣ ያን ሁሉ ሰውና ማሽኑን እየሳበ ወጣው። ሰይድ “አልሐምዱሊላህ” ሲል ከኋላ “እግዚአብሔር ይመስገን” የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ተቀበለው።

ትንሽ እንደሄድን ግን “ነጩም ይወጣው ነበር” አለኝ።

“እንዴት አወቅህ?”

“ልቤ ነገረኝ።”

ሐሙስ ቀትር፣ አውድማው

ክምሮቹ አውድማው ዙሪያ ቆመዋል። የመንደሩ ሰው ሽማግሌ አያ መልኬን አስቀድሞ ጠበቀን። አምና በዝናቡ ብዙ ገብስ የበሰበሰባቸው እሳቸው ናቸው። ማሽኑን ዳሰስ አድርገው “መጣህ?” አሉ።

ሰይድ ማሽኑን ሊያስነሣ ቢል አልነሣም። ደገመ፤ ጸጥ። የታንኩን ክዳን ከፍቶ አየና “ባዶ ነው! ለብየዳው አራግፈውት የለ” ብሎ ሣቀ። “ግድ የለም፣ መጠባበቂያ ይዣለሁ።”

ጀሪካኑን ከፈተው። ሽታው ለእኔም ደረሰኝ። ቤንዚን! የማሽኑ ሞተር ደግሞ የናፍጣ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ መኪናው ምን ይጠጣ ብለን ስንከራከር ማሽኑ ምን እንደሚጠጣ አላሰብንም።

ሰይድ ክዳኑን በእጁ እንደያዘ ቀረ። አያ መልኬ ወደ ዳሽን በኩል የተጠራቀመውን ደመና አዩ።

“ዘንድሮም?” አሉ ቀስ ብለው።

ከኋላችን ግን አንድ ነገር ዱግ ዱግ ይላል። ሰይድ ካጠፋሁት አይነሣልኝም ብሎ ስለፈራ አሮጌውን መኪና እንደበራ ነው የተወው። እኔና እሱ እኩል ዞር ብለን አየነው። ከዚያ ሰይድ ሮጠ።

ከአንድ ቤት የውሃ ጎማ መጣ። ጫፉን የመኪናው ታንክ ውስጥ ከትቶ በአፉ ሳበ፣ አንድ ጉንጭ ናፍጣ ተፋ፣ የቀረውን በባልዲ ተቀብሎ ማሽኑ ውስጥ ጨመረ። የምንመለስበት መንገድ አብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ለመኪናው ጥቂት ይበቃዋል። ማሽኑ ሁለቴ አስነጠሰና ተነሣ። ነዶው በአንድ በኩል ገባ፤ ገለባው ወደ ሰማይ፣ ገብሱ ወደ ጆንያው። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ መልኬ እፍኝ ገብስ አንሥተው እፍ እፍ አሉበትና ሰይድን አዩት።

“ደረስክ ልጄ። ያምናውን ትቼልሃለሁ።”

ሰይድ አጎንብሶ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል በጢማቸው ሣቁ። “ተው፣ ትሸታለህ!”

ድንች ቅቅልና በሶ ቀረበልን። ድንችና በሶ የሁለቱም ሃይማኖት ነው። ሰይድ ግን የሚበላው ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ አለው።

ሐሙስ አመሻሽ፣ ደባርቅ

ማሽኑ የቀሩትን ክምሮች እንዲወቃ እዚያው ቀረ። የመንደሩ ሰው ነገ ከወፍጮ ቤቱ ናፍጣ ሊያመጣለት ነው። እኛ ቁልቁል ተንከባለልን። ዘይነብ በር ላይ ቆማለች።

“ገና ከተማው ሳትደርሱ ሰማኋችሁ” አለች። “ደረሳችሁ? ወቃችሁ?”

“ወቃን።”

“እና የትኛው ሆነ?”

ሰይድ ከመኪናው ወረደና ፊቷ ድረስ ተጠጋ። “እስቲ አሽትቺኝ” አላት።

ዘይነብ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች። “ናፍጣ!”

“አዎ” አለ፣ የአሮጌውን መኪና ቦኔት መታ መታ እያደረገ። “ናፍጣ።”