ከባርኔጣ የወጣ የውኃ ተራ

ትናንት ጠዋት ሽንኩርት ያከማቸሁበትን ጓዳ ስከፍት ሽታው ገፍቶ ወደ ኋላ መለሰኝ... ግማሹ በስብሷል። ባለቤቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ «አንደኛ የወጣኸው ሰውዬ፣ ናና ዕጣህን ልቀም» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኩሳ አጠገብ በመስኖ የምናለማ ስድስት ጎረቤቶች ነን። ቦዩ ተደርምሶ ውኃ ተቋርጦብን ሰነበተ። ተጠግኖ ሲያልቅ የሁላችንም ማሳ ደርቋል፤ ውኃው ግን በቀን ከአንድ ሰው ማሳ አያልፍም። የውኃ አባታችን፣ ተራ የሚያስይዙት ሽማግሌ ማለቴ ነው፣ «በዕጣ ይሁን» አሉ።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ ሰብለ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥታ ለስታቲስቲክስ ፈተና ታጠና ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም፤ እጄ የገባ ወረቀት ግን ሳላነብ አልተውም። የእሷንም አንብቤ ጨርሼ መከራዋን አሳያት ነበር።

«ሁለት ጋቢና ሦስት ባርኔጣ ያለው ሰው በስንት ዓይነት ለብሶ ይወጣል?»

«ሁለት ሲባዛ በሦስት... ስድስት።»

«ተሳስተሻል። ሚስት ካለችው አንድ ነው፤ እሷ የመረጠችለት።»

እንግዲህ ይህን ዕውቀት ተሸክሜ፣ ሰብለንም አስከትዬ ነው ቦዩ ዳር የሄድኩት።

ከአንድ እስከ ስድስት የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ተጠቅልለው ባርኔጣ ውስጥ ገቡ። በዕድሜ የሚበልጡን እትዬ ደብሬ ናቸውና ቀድመው እንዲያወጡ ተጠሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን ብቻቸውን ነው የሚይዙት። ቦዩ የተደረመሰው ደግሞ የሽንኩርት ችግኛቸውን በተከሉ ማግስት ነው፤ ገና ሥር አልያዘም። የእኔ ሽንኩርት ለመነቀል የደረሰ ነበር።

እጃቸውን ሊሰዱ ሲሉ ምላሴን በላኝ።

«እትዬ ደብሬ፣ ምን ያስቸኩልዎታል? ፊትም ያውጡ ኋላ ዕድልዎ ያው ነው።»

«ኋላ የሚያወጣ የሰው ትራፊ አይደል የሚያገኘው?»

«አይደለም። ሰብለ፣ ስድስት ሰው በስንት ዓይነት ተራ ይሰለፋል?»

«በሰባት መቶ ሃያ» አለች ልጅቱ፣ አንገቷን ደፍታ።

«ይኸው... ከሰባት መቶ ሃያው በመቶ ሃያው እርስዎ አንደኛ ነዎት።»

«በስንቱስ መጨረሻ ነኝ?»

«እሱም መቶ ሃያ ነው።»

«ታዲያ ምኑን ነገርከኝ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቁ ሞቅ ሲያደርገኝ «እንግዲያው መጨረሻ ያውጡና ይዩት» አልኳቸው። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል እምቢ ማለት ከበዳቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ቆሙ። በእሳቸው ቦታ እኔ ገባሁ።

አንድ ቁጥር ወጣልኝ።

ሌሎቹም በየተራቸው አወጡ። ለእትዬ ደብሬ የተረፈችው ወረቀት ስድስት ነበረች... ከፍተው እንኳ አላዩአትም።

«አሁንም እኩል ነው?» አሉኝ።

«እኩል የነበረው ከመውጣቱ በፊት ነው።»

ሂሳቡ ልክ ነው። ሰብለም አልካደችኝም።

እትዬ ደብሬ ወደ እኔ ማሳ አሻግረው እያዩ «ያንተ ሽንኩርት እንኳ ውኃ የጠገበ ይመስላል» አሉ።

የእኛ አገር ሰው ሲለምን እንዲህ ነው። ገብቶኛል... ሰብለም ክንዴን ነካ አድርጋ «አጎቴ፣ ተራዎን ቢቀይሩላቸውስ?» አለችኝ። እኔ ግን ተራዬን ብለቅ ያሸነፍኩት ክርክር የሚፈርስ መሰለኝ።

«ዕጣ ከተለዋወጡት ምኑን ዕጣ ሆነ» አልኩ። ሰው እንደገና ሳቀ። ሰብለ አልሳቀችም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ውኃውን ማሳዬ ላይ ለቀቅሁት። ለመነቀል የደረሰ ሽንኩርት ውኃ ከጠጣ እንደማይከርም የማያውቅ ገበሬ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ተራዬ ነዋ... የእትዬ ደብሬ ተራ ሲደርስ ደግሞ ውኃው የሚያጠጣው ችግኝ አላገኘም። ከሩቅ ሳየው ገለባ የተበተነበት ነበር የሚመስለው።

ትናንት እንግዲህ ከብስባሹ መሃል ደህና ደህናውን ለቅሜ፣ አንድ ቅርጫት ሞልቼ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባዶው ማሳ ከጀርባቸው ነው። እንደምን አደሩ ተባብለን፣ ስለ ከብቱም ስለ ሰዉም ተጠያይቀን ስናበቃ ቅርጫቱን አየት አደረጉት።

«ይህን በዕጣ ነው ያወጣኸው?»

«ኧረ በእጄ መርጬ ነው፣ እትዬ።»

«ያኔም እጅ ነበረህ» አሉኝ።

አልተቆጡም። ሽንኩርቱን ገልብጠው፣ ቅርጫቱን አራግፈው መለሱልኝ።

ባዶ ቅርጫት ይዤ መንገዱን ሁሉ ሳሰላ መጣሁ። ከሰባት መቶ ሃያው መካከል ማንም የማይጎዳበት ተራ ነበረ፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ ባርኔጣ አያስፈልግም ነበር፣ ዞር ብሎ ማሳውን ማየት ይበቃ ነበር።